አያ ጅቦ፦ የአንድ ስም ጉዞ ከተኩላ እስከ ሰው

ቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል አካባቢ ተወልዶ ያደገ የዛሬ ወጣት ጅብን በዓይኑ ሳያይ ሊጎለምስ ይችላል። ስሙን ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ግን ጥቂት ነው። ምሳ ላይ የሌላውን ድርሻ ጭምር የጠራረገ ጓደኛ ጅብ ይባላል። የቤት ኪራይ በአንድ ጊዜ እጥፍ ያደረገ አከራይ ጅብ ነው። በጉቦ የከበረ ሹም ጅብ ነው። አልተኛም ያለ ሕፃን «አያ ጅቦ መጣልህ!» ተብሎ ይስፈራራል። ከካቴድራሉ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ራቅ ሲባል፣ በጎሮ፣ በአያት፣ በየካ አባዶና በቦሌ ቡልቡላ ዳር ዳር፣ ስሙ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱም አለ፤ ሌሊት ጩኸቱ ይሰማል።

ይህ ዳሰሳ የሚከተለው ሦስት ጥያቄዎችን ነው። ጅብ የሚለው ስም ከየት መጣ? በአማርኛ አፍ ውስጥ ምን ምን ትርጉም ተሸከመ? ዛሬስ በምን ጥንቃቄ ልንይዘው ይገባል? ጥያቄዎቹን አንድ ላይ ማየት የሚያስፈልገው፣ ይህ ስም በየዘመኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የኖረ ስም ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ከተኩላ ወደ ጅብ ተሻገረ። ከዚያ ከእንስሳው ወደ ተረት ገጸ ባሕርይ ሄደ። በመጨረሻም ሰው ላይ አረፈ፤ በአንድ በኩል «ቡዳ» በተባለው ጎረቤት ላይ፣ በሌላ በኩል በፖለቲካ ባላንጣ ላይ። የመጀመሪያዎቹ ሽግግሮች ቋንቋችንን አበልጽገውታል። የመጨረሻው ግን ሰው ጎድቷል።

ከዝእብ ወደ ጅብ

የአማርኛው ጅብ አባት የግእዙ ዝእብ ነው። ከድምፅ ለውጦቹ አንዱ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በቃል መካከል ያለው የጉሮሮ ድምፅ እየደከመ ይጠፋል። ርእስ ራስ፣ ምእት መቶ የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው። ሁለተኛው ለውጥ የ«ዘ» ወደ «ዠ»፣ ከዚያም ወደ «ጀ» መዞር ነው። ገዛ ካለው ገዥ፣ ያዘ ካለው ያዥ እንደሚወጣ ሁሉ፣ የዝእብ «ዝ» ወደ «ዥ» ለሰለሰች። የቀድሞ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ «ዥብ» ብለው የሚጽፉትም ለዚህ ነው። ዝንጀሮ፣ ዥንጀሮና ጅንጀሮ፣ እንዲሁም ዥራትና ጅራት፣ ዥግራና ጅግራ ጎን ለጎን የኖሩበት ልማድ ዥብንና ጅብንም ያስተናገደ ነው። ትግርኛ ከዚያው ግንድ «ዝብኢ» ይላል፤ እሱ የጉሮሮውን ድምፅ አልጣለም፣ ቦታውን ብቻ አዛውሮ ወደ መጨረሻ ወሰደው።

ከግእዝ ወጥተን ወደ ሰፊው የሴም ቤተሰብ ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይማርካል። በዕብራይስጥ «ዜኤቭ»፣ በዓረብኛ «ዚእብ»፣ በሱርስት «ዴባ» የሚሉ ቃላት አሉ። ሁሉም የዝእብ ወንድሞች ናቸው። የመጀመሪያው ፊደል በየቋንቋው የተለያየው በዘፈቀደ አይደለም። የእኛ እዝን በዕብራይስጥ «ኦዜን»፣ በዓረብኛ «ኡዝን»፣ በሱርስት «ኤድና» እንደሚሆን ሁሉ፣ የእኛና የዕብራይስጥ «ዘ» በሱርስት ዘንድ «ደ» ሆኖ ይገኛል። ልዩነቱ በትርጉሙ ላይ ነው። በእነዚያ አገሮች ሁሉ ቃሉ ተኩላ ማለት ነው። በእኛ ብቻ ጅብ ሆነ።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ የዚያ የጥንት ትርጉም ምስክር ተቀምጧል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7 ጌዴዎን ድል ካደረጋቸው የምድያም መኳንንት አንዱ ዜብ ይባላል። ስሙ በዕብራይስጥ ተኩላ ማለት ነው፤ ሌላኛው፣ ሔሬብ፣ ቁራ ማለት ነው። አማርኛ አንባቢ ዜብ የሚለውን ስም ሲያልፍ፣ የጅብን የሩቅ ዘመድ እየጠራ መሆኑን አያስተውልም።

ስሙ ለምን ከተኩላ ወደ ጅብ ዞረ? አሳማኙ መልስ ኑሮ ነው። የመካከለኛው ምሥራቅ እረኛ ሌሊት በጉን የሚነጥቀው፣ በቡድን የሚመጣበት፣ ጩኸቱ ልጅ የሚያስፈራው አውሬ ተኩላ ነበር። በኢትዮጵያ ደጋ ያንን ቦታ የያዘው ጅብ ነው። የእኛው ቀይ ቀበሮ በአመዛኙ አይጥ እያደነ የሚኖር፣ በረት የማይሰብር እንስሳ ነው። ስለዚህ ስሙ የተከተለው መልክን ሳይሆን ሥራን ነው፤ በረት የሚሰብረው ማን ነው ሲባል መልሱ ተለውጦ ነበርና። ግእዝ ለተኩላ ሌላ ስም፣ ተኵላ የሚለውን፣ መያዙም ይህንን ያጠናክራል። ዝእብ ቦታውን ለቅቆ ስለሄደ በቀረው ክፍት ላይ ሌላ ስም ገባ።

ጎረቤት ቋንቋዎች በዚህ ላይ ሌላ መንገድ ይዘዋል። ኦሮምኛ ዋራቤሳ፣ ሶማልኛ ወራቤ ይላል። ሐረሪ የሴም ቋንቋ ሆኖ ሳለ የዝእብን ዘር ትቶ ከኩሽ ጎረቤቶቹ ጋር ወራባ ይላል። ሰው ከማን ጋር ጎረቤት ሆኖ እንደኖረ የእንስሳ ስም ይነግራል።

ሌሎች እንዴት ጠሩት

አንዱን አውሬ በሌላው ስም መጥራት የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። አውሮፓውያን የሚጠቀሙበት «ሃየና» የሚለው ስም የተወሰደው ከግሪክ ነው፤ ግሪኮች ደግሞ አሳማ ከሚለው ቃላቸው አበጁት። የማጅራቱ ፀጉር እንደ ከርከሮ መቆሙን አይተው መሆን አለበት። ሳይንስ ለባለ ነጠብጣቡ ጅብ የሰጠው «ክሮኩታ ክሮኩታ» የሚለው ስምም ጥንታዊ ነው። የግሪክና የሮም ጸሐፊዎች ክሮኮታስ የሚባል የኢትዮጵያ አውሬ እንዳለ ጽፈዋል፤ ፕሊኒም ጅብ የሰው ድምፅ አስመስሎ እረኛን በስሙ ጠርቶ እንደሚያወጣ የሚነገረውን ዘግቧል። በ1777 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኤርክስሌበን እንስሳውን በሳይንስ መዝገብ ሲያሰፍር ያን የጥንት ስም አነሣ፤ በወቅቱ ግን ከውሾች ወገን ነበር የመደበው።

በእርግጥ ጅብ ውሻም ተኩላም አይደለም። ዛሬ በሳይንስ የራሱ ቤተሰብ አለው፤ ያ ቤተሰብ የሚቀርበው ለውሻ ሳይሆን ለድመትና ለፋሮ ወገን ነው። በዓለም ላይ አራት ዝርያዎች አሉ፤ ሦስቱ በኢትዮጵያ ይገኛሉ፤ ባለ ነጠብጣቡ፣ ባለ መስመሩና ምስጥ የሚበላው ትንሹ ዘመዳቸው። አማርኛ ጅብ ሲል በአብዛኛው የሚያስበው ባለ ነጠብጣቡን ነው።

የግሪኮች ሌላ አስተሳሰብም ወደ እኛ መጻሕፍት ገብቷል። ጅብ በየጊዜው ወንድም ሴትም ይሆናል የሚል ወሬ ነበር። አርስጣጣሊስ ወሬው ስሕተት መሆኑን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን ጽፏል፤ ወሬው ግን አልሞተም። ስለ እንስሳት ጠባይ ምሳሌ እየሰጠ የሚያስተምረውና ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ በግሪኩ መልኩ ይህንኑ ወሬ ይዞ ጅብን የመወላወል ምሳሌ ያደርገዋል። መነሻው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ የባለ ነጠብጣቡ ጅብ ሴት ውጫዊ የመራቢያ አካል ከወንዱ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ሰው በዓይን መለየት ይቸግረዋል።

በመጽሐፈ ሲራክም ጅብ አለ። በግሪኩ ጽሑፍ ምዕራፍ 13 ላይ፣ ጅብና ውሻ ሰላም ሊኖራቸው እንደማይችል ሀብታምና ድኻም እንዲሁ መሆናቸው በጥያቄ መልክ ተነሥቷል። ጅብ የሚበዘብዝ ሰው ምሳሌ መሆኑ እንግዲህ አዲስ አበባ የፈጠረችው አይደለም። ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ንጽጽር ነው።

አያ ጅቦ በተረትና በምሳሌ

ወደ አማርኛው እንመለስ። አማርኛ ከአውሬ ሁሉ ለጅብ የሰጠው ማዕረግ ይገርማል። «አያ» ታላቅ ወንድም፣ የተከበረ ጎልማሳ የሚጠራበት ቃል ነው። በተረት ውስጥ ጅብ ሲጠራ አያ ጅቦ ይባላል። ፍርሃት አክብሮትን ይወልዳል፤ ሌሊት ደጅ ላይ የሚያልፈውን በጎ ስም ሰጥቶ ማባበል በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የታወቀ ነው።

የአያ ጅቦ ዝነኛ ታሪክ ከአህያ ጋር ወንዝ ላይ የተገናኘበት ነው። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ውሃ ሲጠጡ ጅብ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ይላል። ውሃ ወደ ላይ እንደማይፈስ የምታውቀው አህያም «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ትላለች። ይህ ንግግር ዛሬ በመሥሪያ ቤት፣ በፍርድ ቤት ደጅ፣ በኪራይ ውል ላይ ይነገራል፤ ኃይለኛው ሰበብ መደርደር ሲጀምር ደካማው የሚሰጠው መልስ ነው። ተረቱ ለዓለምም የታወቀ ነው። በኤዞፕ ስም በሚታወቁት የግሪክ ተረቶች ውስጥ ታሪኩ የተኩላና የበግ ግልገል ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ተኩላው ጅብ፣ ግልገሏም አህያ ሆነች። ቃሉ ከተኩላ ወደ ጅብ የተሻገረበት መንገድ በተረቱ ላይም ታይቷል፤ ሁለቱም ቦታ ያገሩ ሰው የሚፈራውን አውሬ አስቀመጠ።

በምሳሌያዊ አነጋገር ውስጥ ጅብ ቢያንስ አምስት መልክ አለው። አንደኛው ሆዳምነቱና ችኮላው ነው፤ «የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይባላል። ሁለተኛው አስመሳይነቱ ነው። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው፣ ታሪኩን የማያውቅ ሰው መሀል ገብቶ ክብር የሚሻውን ይነካል፤ ቁርበቱ ለጅብ መኝታ ሳይሆን እራት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ምሳሌው ምን ያህል እንደሚቆርጥ ይረዳል። ሦስተኛው ሸፋጭነቱ ነው፤ «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» የሚለው የተመሠረተው በአካሄዱ ላይ ነው። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ሲራመድ የሚያነክስ ይመስላል፤ የተፈጥሮ አካሄዱ ወደ ተንኮል ተተርጉሟል።

አራተኛው ስለ ጅብ ሳይሆን በጅብ ዙሪያ ስላሉት ሰዎች የሚናገረው ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አደጋ ካለፈ በኋላ የሚፎክረውን፣ «ጅብ በቀደደው ውሻ ይገባል» በሌላው ጥፋት የሚጠቀመውን፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ደካማ ጠባቂን ይገልጻል። አምስተኛው በሃይማኖት ሕግ ላይ የቆመው ነው። ጅብ የማይበላ፣ ርኩስ ተብሎ የሚታይ እንስሳ ነው፤ ስለዚህ «ጅብ ከሚበላህ ጅብ በልተህ ተቀደስ» የሚለው አባባል ከባድ ነው። ከመሞት የማይደረገውን ማድረግ ይሻላል፣ ያውም በጊዜ ቅደም፣ የሚል ምክር ነው።

የአማርኛ ጥበብ በእነዚህ ውስጥ ይታያል። ምሳሌዎቹ ስለ ጠባይ ይናገራሉ፤ የሰውን ዘር ወይም ወገን አይሰይሙም። ዛሬ አንተ ጅብ ትሆናለህ፣ ነገ እኔ። ምሳሌው የሚሠራው ለሁሉም የሚደርስ ስለሆነ ነው።

ቡዳና ጅብ፦ ስሙ ሰው ላይ ሲያርፍ

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ከባድ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚል እምነት ለረጅም ዘመን ኖሯል። ቡዳ የተባሉትም በብዛት ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ።

የውጭ ተጓዦች ይህንን መዝግበዋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እና 1771 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ሲኖር፣ ከመሸ እስኪነጋ ከተማው በጅብ እንደሚሞላ፣ ሕዝቡም ጅቦቹ በአስማት የተለወጡ ፈላሻዎች (ቤተ እስራኤላውያን በዚያ ዘመን የሚጠሩበት ስም) ናቸው ብሎ እንደሚያምን ጽፏል። ጅቦቹ ከተማውን የሚያዘወትሩበትን ምክንያትም አብሮ ነግሮናል፤ በሞት የተቀጡ ሰዎች ሬሳና የከብት ጥንብ መንገድ ላይ ይጣል ነበር። በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ደግሞ በ1831 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ የወርቅ ሎቲ በጆሮው ያደረገ ጅብ ታየ የሚለውን ወሬ አስፍሯል፤ ጅቡ ሰው ለመሆኑ ማስረጃ ተደርጎ የሚነገር ነበር።

እምነቱ በማን ላይ እንዳረፈ እናስተውል። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ድስቱንና ጀበናውን የሚሠራው፣ ያለ እጁ ሥራ ቤት የማይቆምለት ሰው ነው ጅብ የተባለው። አብዛኛውን ጊዜ መሬት ርስት አልነበረውም፤ ጋብቻ አይሰጠውም፤ ልጅ ሲታመም ጣት ይቀሰርበታል። ስሙ ሥራውን ከሰውየው ነጥሎ ምርቱን ወሰደ፣ ሰውየውን ጣለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለዋል። ንጉሥ በአዋጅ እስኪከለክለው ድረስ ስድቡ ምን ያህል እንደበረታ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሐረር ሌላ መንገድ ያሳያል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የታጠረው የጁገል ግንብ «ወራባ ኑዱል» የሚባሉ የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች አሉት። ጅቦች በሌሊት በእነዚያ ገብተው መንገዱን ያጸዳሉ። የሐረር ሰው ጅብ ጂኒ ያባርራል፣ ይበላል ብሎ ያምናል፤ በዓሹራ በዓልም በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርብለታል። ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ከግንቡ ውጭ ጅብ በእጅ የሚያበሉ ሰዎች ለጎብኚ የታወቁ ሆነዋል። ስለዚህ ፍርሃትና ጥላቻ ከእንስሳው የግድ የሚመጡ አይደሉም። ያው ጅብ በአንዱ ከተማ ጠንቋይ፣ በሌላው ጠባቂ ሆኖ ኖሯል።

ጅቡ ራሱ

ስሙን የተሸከመውን እንስሳ ሳያውቁ ስለ ስሙ መፍረድ ተገቢ አይደለም። ጅብ ጥንብ ብቻ የሚበላ ፈሪ ነው የሚለው የቆየ አስተያየት ነው። ሆላንዳዊው ሃንስ ክሩክ በታንዛኒያ ያደረገውንና በ1972 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያወጣውን ጥናት ያነበበ ሰው ግን፣ ባለ ነጠብጣቡ ጅብ የሚበላውን አብዛኛውን ራሱ የሚያድን መሆኑን ያውቃል። አንበሳ የገደለውን ጅብ ይነጥቃል የሚባለውም በብዙ ቦታ ተገላቢጦሹ ነው።

ጅብ በመንጋ ይኖራል፤ መንጋውን የምትመራው ሴቷ ናት፤ ሴቷም ከወንዱ ትገዝፋለች። ብዙ ጊዜ የምትወልደው መንታ ነው፤ ግልገሎቿን ከአንድ ዓመት በላይ ታጠባለች። ጥንካሬው መንጋጋውና ሆዱ ናቸው፤ አጥንት ሰብሮ ይፈጫል፤ ለዚህም ነው ኩሱ እንደ ኖራ የሚነጣው። «ሳቁ» የሚባለው ድምፅም የደስታ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሲጨነቅ፣ ሲባረር ወይም በምግብ ላይ ሲጋፋ የሚያወጣው ነው።

በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች የበለጠ ይናገራሉ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የጅብ ኩስ ውስጥ የተገኘውን ፀጉር መርምረዋል። የአህያ ፀጉር ድርሻ ከዐቢይ ጾም በፊት 14.8 በመቶ ነበር፤ በጾሙ ወቅት ወደ 33.1 በመቶ ከፍ አለ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። 55 ቀን ሥጋ ሲታለፍ ሉካንዳ ይዘጋል፤ የሚጣል አጥንትና ሆድ ዕቃ አይኖርም፤ ጅቡም ወደ አህያ ይዞራል። ምእመኑ ሲጾም ጅቡ አህያ ያድናል ማለት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት የመቀሌ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የሞተ ከብት እንደሚያስወግዱ ገምቷል፤ በዚህም አባሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን የመሳሰሉ በሽታዎች ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይዛመቱ ይረዳሉ።

ይህ ማለት ጅብ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በረት ይሰብራል፣ ፍየልና አህያ ይጨርሳል፣ ሜዳ የተኛ ሰውና ሕፃን ላይም ይደፍራል። ቤት የሌላቸው ሰዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ጉዳቱ ግን የሚበዛው ሰው ቆሻሻውን ባልሰበሰበበት፣ ድኻውንም ባላስጠለለበት ቦታ ነው።

ቦሌ ከጅብ ሜዳ ወደ ሕንፃ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ጀምሮ ጅብ ነዋሪዋ ነው። ቄራ ሳይደራጅ፣ የቆሻሻ መኪና ሳይኖር፣ የከተማዋን ሌሊት ያጸዳ የነበረው እሱ ነው። ቦሌ ያኔ እርሻና ግጦሽ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደዚህ ሲዛወር ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ተሳበች፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ፣ ሆቴሉ፣ ካቴድራሉ፣ የገበያ ማዕከሉ ተከታትሎ መጣ። ባለፉት ሃያ ዓመታት ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ወደ ጎሮ፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ የካ አባዶና ወደ ቦሌ አራብሳ ሄደ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ መመሥረቱ ምሥራቁ ምን ያህል እንደሰፋ ያመለክታል።

ስለዚህ ጅብ ወደ ከተማ መጣ ሲባል ብዙ ጊዜ የመጣችው ከተማዋ ናት። ጅቡ በወንዝ ሸለቆውና በቁጥቋጦው ውስጥ ቀድሞ ነበር። አዲስ ሰፈር ሲቆም ጉድጓዱ ይፈርሳል፤ በምትኩ ከየግቢው የሚወጣ አጥንት፣ ከሥጋ ቤት የሚጣል ሆድ ዕቃ ያገኛል። አስተዳደሩ ለሥጋ ቤት ፈቃድ ሲሰጥ፣ ቆሻሻው የት እንደሚገባ አብሮ ሊወስን ይገባ ነበር። በምሥራቅ አዲስ አበባ የጅብን ጉዳይ በአመዛኙ የሚፈታው የቆሻሻ አሰባሰብና የመንገድ መብራት እንጂ ጥይት አይደለም።

በዚህ ሰፈር ቃሉ ከእንስሳው መለየቱም መታየት አለበት። በባላገር ጅብ የሚል ልጅ አንድ የሚያውቀውን አውሬ ይጠራል፤ ጩኸቱን ሰምቷል፣ ዱካውን አይቷል፣ አህያ ሲበላበት አልቅሷል። በቦሌ ሕንፃዎች መካከል ያደገው ልጅ ግን ከስድቡ ይጀምራል። እንስሳው ከኑሮ ሲርቅ ስሙ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ስም ደግሞ ማንም የፈለገውን ይሞላበታል።

የቀን ጅብ

የዚህ ትልቁ ምሳሌ «የቀን ጅብ» የሚለው ሐረግ ነው። ሐረጉ በጠራራ ፀሐይ የሚዘርፍን ሰው ለመግለጽ የሚመች ነው፤ ጅብ የሌሊት ስለሆነ በቀን የሚበላ ጅብ ከጅብ የባሰ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በንግግራቸው ከተጠቀሙበት ወዲህ ሐረጉ አገሩን አዳረሰ። የተነገረው አገር ዘረፉ፣ ለውጥ አደናቀፉ በተባሉት ላይ ነበር። ነገር ግን ሐረጉ በተነገረበት አልቆመም። ከሹማምንት ወደ ድርጅት፣ ከድርጅት ወደ ሕዝብ ተንሸራተተ፤ ብዙ ሳይቆይ በብዙዎች አፍ የትግራይ ተወላጅ የሆነ ሁሉ የሚሰደብበት ሆነ። ብዙ ዓመታት ሳይቆጠሩ በትግራይ ጦርነት ሲነሣ፣ ሰውን ከሰው ተራ የሚያወጡ ቃላት አስቀድመው መንገድ ጠርገው ነበር። ጦርነቱ በሁሉም ወገን የአውሬና የተባይ ስም ሲያስወረውር ታዝበናል።

ዓለም ይህንን ከእኛ በፊት አይቶታል። በሩዋንዳ በ1994 እ.ኤ.አ. በቱትሲዎች ላይ የዘር ማጥፋት ሲፈጸም፣ «ኢኒየንዚ»፣ ማለትም በረሮ፣ የሚለው ስድብ በሬዲዮ ይነገር ነበር። የሩዋንዳ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም በ2003 እ.ኤ.አ. የሬዲዮና የጋዜጣ ባለቤቶችን በቅስቀሳቸው ፈርዶባቸዋል። በአገራችንም የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። አዋጅ ግን አንደበትን ብቻውን አይገራም፤ የምኒልክ የ1900 አዋጅም ቡዳ መባልን ከመንደር አላጠፋም።

በቡዳው ዘመንና በቀን ጅብ ዘመን መካከል ያለው መመሳሰል ግልጽ ነው። ሁለቱም ከአንድ ሰው ጠባይ ይነሣሉ፤ ሁለቱም በወገን ላይ ያርፋሉ። ሁለቱም የሚጎዱትን ሰው ለመጉዳት ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ጅብን መግደል ኃጢአት አይደለምና። በተረቱና በስድቡ መካከል ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። ተረቱ ጅብን ሰው አድርጎ አናገረው፣ አያ ብሎ ጠራው፣ ከአህያ ጋር አከራከረው። ስድቡ ሰውን ጅብ አድርጎ ዝም አሰኘው።

ማጠቃለያ

ይህ ዳሰሳ የሚሰጠው ፍርድ እንዲህ ነው። ጅብ የሚለው ስም ከዝእብ የወጣ፣ ከዕብራይስጥና ከዓረብኛ ተኩላ ጋር አንድ ግንድ ያለው፣ በአገራችን ኑሮ አዲስ ትርጉም ያገኘ የከበረ ቃል ነው። በተረትና በምሳሌ ውስጥ ያለው አጠቃቀም የአማርኛ ሀብት ነው፤ ልጆች ሊማሩት ይገባል። ጉቦኛን በጉቦኝነቱ፣ ዘራፊን በዘራፊነቱ መገሠጽም ተገቢ ነው፤ ምሳሌው የሚነካው ሥራን እስከሆነ ድረስ። በዘር፣ በሙያ ወይም በትውልድ ቦታ የሚለይ ወገንን ጅብ ማለት ግን በታሪካችን ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለት ጊዜም የንጹሐንን ሕይወት ያጎሳቆለ ነገር ነው፤ ሦስተኛ መሞከሪያ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ልመናዬ ለሦስት ወገኖች ነው። ወላጆችና መምህራን ልጆቻችሁን የጅብን ተረትና የጅብን እውነተኛ ኑሮ አብራችሁ አስተምሩ። ጋዜጠኞችና በየመድረኩ የምትናገሩ ሰዎች፣ ሰውን ስትከሱ ጥፋቱን በስሙ ጥሩ፤ ሌብነት፣ ግድያ፣ ጉቦ የሚሉ ቃላት አማርኛ አልጎደለውም። የምሥራቅ አዲስ አበባ አስተዳዳሪዎችም የሥጋ ቤቱን ጥራጊ በወቅቱ አንሡ፣ ሜዳ የሚያድሩትን አስጠልሉ። እንዲህ ከሆነ ጅብ የሚለው ስም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ሰውም በሰውነቱ ይጠራል።